እስረኛን በምስክርነት መጥራት

በእስር ላይ የሚገኝ ሰው፣ ክሱ ገና በመታየት ላይ ያለም ሆነ ተፈርዶበት ቅጣቱን የሚፈጽም፣ በሌላ ሰው ጉዳይ ምስክር ሆኖ ሊጠራ ይችላል። በአብዛኞቹ ዘመናዊ የማስረጃ ሕጎች ምስክርን ለምስክርነት የሚያበቃው ነገሩን በራሱ ማወቁና ያወቀውን ማስረዳት መቻሉ ነው። ጥፋተኛ ተብሎ መቀጣቱ የቃሉን ተአማኒነት ሊያሳንስ ይችላል፤ ይህ ግን ቃሉ ከተሰማ በኋላ የሚመዘን ነው።

በቀድሞው የእንግሊዝ ሕግ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ለመሐላ የማይበቃ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይህ ክልከላ እ.ኤ.አ. በ1843 በወጣ ሕግ ቀረ። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 በሮዘን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ተመሳሳይ አቋም ያዘ። ዳኛው ማስረጃን በነጻነት እንዲመዝን በሚፈቅዱት የአህጉር አውሮፓ ሥርዓቶች ክርክሩ ያን ያህል አልገነነም።

የመከላከያ ጠበቆች በትክክል የሚኮሩበት ፍርድ ግን በ1967 የተሰጠው፣ ዋሽንግተን የተባለ ተከሳሽ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ላይ ባቀረበው ይግባኝ ነው። በነፍስ ግድያ የተከሰሰው ሰው በዚያው ወንጀል ቀድሞ ተፈርዶበት የታሰረውን ግብረ አበሩን በመከላከያ ምስክርነት ለመጥራት ፈለገ፤ ታሳሪውም ተከሳሹ ሊያስቆመው ሞክሮ እንደነበርና ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ሮጦ እንደሄደ ሊመሰክር ነበር። የግዛቲቱ ሕግ ግን ግብረ አበሮች አንዱ ለሌላው እንዳይመሰክሩ ሲከለክል፣ ለዐቃቤ ሕግ እንዲመሰክሩ ይፈቅድ ነበር። ምክንያቱ እርስ በርስ በሐሰት ነጻ ያወጣጣሉ የሚል ስጋት ነበር፤ ሆኖም የቅጣት ቅነሳ ተስፋ የሚያደርግ ታሳሪ ለከሳሹ ወገን የመዋሸት ፈተና ከዚህ የሚያንስ አይመስልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተከሳሽ ምስክሮቹን አስገድዶ የማስቀረብ መብቱ ቃላቸውን የማሰማት መብትንም እንደሚጨምር ወስኖ ክልከላውን ሻረው።

እስረኛ መጥሪያ ቢደርሰው በራሱ ተነሥቶ ሊሄድ ስለማይችል፣ ትእዛዙ የሚጻፈው ለጠባቂው፣ ማለትም ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ነው። ያለአግባብ የታሰረን ሰው አካል ነጻ ከሚያወጣው ትእዛዝ (ሀቢየስ ኮርፐስ) ጎን ለጎን ለምስክርነት ብቻ የሚሰጥ የአካል ማቅረቢያ ትእዛዝ በእንግሊዝ የሕግ ሥርዓት የቆየ ሲሆን፣ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግም ተደንግጓል። ዳኛው ምስክርነቱ ለጉዳዩ ያለውን ፋይዳና የማጓጓዣውን የጸጥታ ስጋት ሊያመዛዝን ይችላል። የቀረበውም ምስክር፣ በተለይ የራሱ ክስ ወይም ይግባኝ ካላበቃ፣ ራሱን ለሚወነጅል ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ምስክሩ በሰንሰለት ታስሮ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚለውም ያከራክራል።

ድንበር ሲሻገር ደግሞ የታሳሪው ፈቃድ ይገባበታል። የ1959ኙ የአውሮፓ የወንጀል ጉዳዮች የትብብር ስምምነት፣ ታሳሪው ካልተስማማ ዝውውሩ ውድቅ ሊደረግ እንደሚችል ይደነግጋል። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ የሆነው የሮም ስምምነትም በአንቀጽ 93 ነጻ ፈቃዱን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ተዛዋሪው በእስር እንዲቆይና ጉዳዩ ሲያበቃ እንዲመለስ ያዛል። መመለሱ ቀላል የሚመስለው በወረቀት ላይ ነው፤ በ2011 ከኮንጎ እስር ቤት ወደዚሁ ፍርድ ቤት መቀመጫ ወደ ሄግ የተወሰዱ ሦስት የመከላከያ ምስክሮች ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ በኔዘርላንድ ጥገኝነት ስለጠየቁ፣ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ2014 ነው።