ለሚሳደዱ ክርስቲያኖች የሚዘጋጅ «ሴፍ ሃውስ» ምንድን ነው?

ሴፍ ሃውስ በእምነቱ ምክንያት ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ተሸሽጎ የሚቆይበት ቤት ነው። ታፔላ የለውም። ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም መኖሪያ ነው። አፓርታማ ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ቤተሰብ ትርፍ ክፍልም ሊሆን ይችላል። አድራሻውን የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

ማን ነው የሚገባበት? ስለ ክርስቲያኖች ስደት ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መንግሥትና እስር ቤት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሰዉ የሚሸሸው ከገዛ ቤቱ ነው። ክርስቲያን የሆነን ወጣት አባቱና ወንድሞቹ እንገድልሃለን ይሉታል። ያመነች ሴት ልጆቿን ልትነጠቅ፣ ሳትፈልግ ልትዳር ትችላለች። እነዚህ ሰዎች ዘመድ ጋ ሄደው አይጠጉም፤ የሚያሳድዳቸው ዘመድ ነውና። ፖሊስ ጋ መሄድም አንዳንድ አገር ራስን አሳልፎ መስጠት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 18 ሃይማኖትን የመቀየር ነፃነትን ያውቃል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነትም በሃይማኖቱ የተነሳ እንዳይሳደድ የሚፈራን ሰው ይጠብቃል። ግን ሰውዬው ከአገሩ መውጣት አለበት። ድንበር ካልተሻገረ በዚህ ሕግ ስደተኛ አይባልም። ሴፍ ሃውስ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ፍርድ ቤት ነፃ ማለቱ እንኳ ሁሌ አይበቃም። ፓኪስታናዊቷ ክርስቲያን አሲያ ቢቢ በእስልምና ነቢይ ላይ ተሳድበሻል ተብላ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞት ተፈረደባት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በነፃ አሰናበታት። ትሙት የሚሉ ሰልፈኞች ግን መንገድ ዘጉ። ከእስር ቤት ወጥታም ወደ ቤቷ አልሄደችም። መንግሥት በምስጢር ቦታ ሲጠብቃት ቆይቶ በግንቦት 2019 ካናዳ ገባች።

ቤቱ ውስጥ ሥራው ከስልክ ይጀምራል። ሲም ካርዱ ይወጣል፣ የአካውንቶቹ የይለፍ ቃል ይቀየራል። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። እናቱን መደወል አይችልም። «ደህና ነኝ» የምትል አንዲት መልእክት ያለበትን ልታስይዝ ትችላለች። ቀን ቀን ደህና ይመስላል፤ ሌሊት የበር ድምፅ በሰማ ቁጥር ይባንናል። ስለዚህ አልጋና ምግብ ብቻውን አይበቃም። ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጠበቃ ያስፈልጋል። ሲሸሽ ጥሎት የወጣውን መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ የሚያስወጣለት ሰውም ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ቁጭ ብሎ የሚያደምጠው ሰው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1ኛ ነገሥት 18 ኤልዛቤል ነቢያትን ስታስገድል፣ አብድዩ መቶ ነቢያትን አምሳ አምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሸገ። እንጀራና ውኃም ይመግባቸው ነበር። በዚያ ሁሉ ረሃብና ድርቅ መካከል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ርዳታ ለማሰባሰብ ተብሎ የተጠለለን ሰው ፎቶ መለጠፍ ትክክል አይደለም። ፊቱ ባይታይ እንኳ መስኮቱ፣ ግድግዳው፣ ከኋላ ያለው ሕንጻ ቦታውን ያጋልጣል። አደጋው እሱ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ያስጠጋውን ቤተሰብና ገና የሚመጡትንም ይነካል። ምስክርነቱን እንዲሰጥም አይገደድ። ሲፈልግ፣ ከፈለገ ይናገራል።

ቆይታው ሳምንታት ወይም ወራት ሊሆን ይችላል። ሲረዝም ግን ቤቱ ራሱ እስር ቤት ይሆንበታል፤ ስለዚህ መውጫው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ከተቻለ በዚያው አገር ሌላ ከተማ ሄዶ ሥራ እንዲይዝ ይደረጋል። ቋንቋውን ያውቃል፣ ሙያውም አይባክንም። ያ ካልሆነ ሌላ አገር ጥገኝነት ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የትም ይሂድ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት የቤት ኪራይ የሚሸፍንለትና አዲሱ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ያስፈልገዋል።