የፕራይመሪ ክርክር፦ ተመልካቹ ማንን በምን ይመዝናል?

በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የገዛ ፓርቲውን ሰዎች ነው። ዲሞክራቱ ከዲሞክራት፣ ሪፐብሊካኑ ከሪፐብሊካን ይፎካከራል። ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት ይህ ምርጫ ፕራይመሪ ይባላል። ድምፅ መስጠቱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት አንስቶ ተፎካካሪዎቹ በቴሌቪዥን ይከራከራሉ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ክርክር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በራሳችን አቆጣጠር የ1997ቱ ምርጫ ነው። ያኔ የተከራከሩት የተለያየ ፖሊሲ የያዙ ፓርቲዎች ነበሩ። በፕራይመሪ ግን መድረክ ላይ የቆሙት ሰዎች በአብዛኛው ጉዳይ ይስማማሉ። ስለዚህ ተመልካቹ ሰውየውን ማየት ይጀምራል። ሲነኩት ይቆጣል? ያልጠበቀው ጥያቄ ሲመጣ ምን ይውጠዋል? ሌላው ሲናገር ፊቱ ምን ይመስላል? ይህን እንደ ተራ ነገር የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ተመልካቹ ተሳስቷል አልልም። ፕሬዚዳንትም ቢሆን ሥራው ላይ የሚገጥመው ያልተዘጋጀበት ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሬዲዮ ነው። በ1948 ሪፐብሊካኖቹ ቶማስ ዱዊና ሃሮልድ ስታሰን ኦሪገን ውስጥ ተገናኝተው፣ የኮሚኒስት ፓርቲ በሕግ ይታገድ ወይስ አይታገድ በሚል አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ተከራከሩ። በ1956 ደግሞ ዲሞክራቶቹ አድሌይ ስቲቨንሰንና ኤስቴስ ኪፎቨር ማያሚ ላይ በቴሌቪዥን ቀረቡ።

ተመልካች ሰውን በአንድ ቅጽበት እንደሚፈርድ በደንብ የታየው በ1980 ኒው ሃምፕሻየር ናሹዋ ላይ ነው። ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) በዚያ ዓመት ቀድሞ ድምፅ የተሰጠባትን የአዮዋ ግዛት አሸንፈው መጥተዋል። ክርክሩ የእሳቸውና የሮናልድ ሬገን ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ወጪውን የከፈለው ግን የሬገን ዘመቻ ነው። ሬገን የተቀሩት ተፎካካሪዎችም እንዲገቡ ብለው መድረክ ላይ አመጧቸው። ሰዎቹ መቀመጫ አጥተው ከኋላ ቆሙ። ሬገን ስለዚሁ መናገር ሲጀምሩ አወያዩ ማይክሮፎናቸው እንዲዘጋ አዘዘ። ሬገን ፊታቸው ቀልቶ «የዚህን ማይክሮፎን ሒሳብ የምከፍለው እኔ ነኝ!» አሉ። የአወያዩን ስም እንኳ አሳስተው ነው የጠሩት፤ ማንም ልብ አላለውም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቡሽ ወደ ፊት እያዩ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ሬገን ግዛቱን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ያን ምሽት ስለ ፖሊሲ ምን እንደተባለ የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይገኝም።

የተገላቢጦሹን ደግሞ በ2011 ሪክ ፔሪ ላይ አየን። የቴክሳሱ አገረ ገዢ ሥልጣን ብይዝ ሦስት መሥሪያ ቤቶችን እዘጋለሁ አሉ። ንግድ፣ ትምህርት... ሦስተኛው ጠፋባቸው። ጣታቸውን እየቆጠሩ ወደ ጎን ዞሩ፤ ጎረቤቶቻቸው ሊረዷቸው ሞከሩ። አንድ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ፈልገው አጡት። በመጨረሻ «ሦስተኛው አልመጣልኝም፤ ይቅርታ። ኡፕስ» አሉ። የጠፋቸው የኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። በ2017 የዚሁ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ።

የፍሎሪዳው ሴናተር ማርኮ ሩቢዮ ደግሞ የተጎዱት ረስተው አይደለም፤ አብዝተው በማጥናታቸው ነው። በ2016 ክርክር ላይ የኒው ጀርሲው አገረ ገዢ ክሪስ ክሪስቲ «ያው የሸመደድከው ንግግር ነው» እያሉ ሲያፋጥጧቸው፣ ሩቢዮ ስለ ኦባማ የተናገሩትን ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሰው መላልሰው አሉት። አዮዋ ላይ ሦስተኛ የወጡት ሰው፣ ከክርክሩ በሦስተኛው ቀን ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ሆኑ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ክርክር ያበላሸ ወዲያው ይጎዳል። ክርክር ያሸነፈ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም። በ2019 ማያሚ ላይ ካማላ ሃሪስ ጆ ባይደንን፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዲማሩ ተማሪዎችን በአውቶቡስ ወደ ሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት በማመላለስ ጉዳይ አፋጠጧቸው፤ «ያቺ ትንሽ ልጅ እኔ ነበርኩ» አሉ። ሌሊቱ የእሳቸው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን አንድም ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ከውድድሩ ወጡ። በየካቲት 2020 ላስ ቬጋስ ላይ ሴናተር ኤልዛቤት ዋረን ቢሊየነሩን ማይክል ብሉምበርግን መላወሻ አሳጧቸው። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለማስታወቂያ ያፈሰሱት ብሉምበርግ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሰናበቱ። ዋረንስ? ከክርክሩ በሦስተኛው ቀን ኔቫዳ ላይ አራተኛ ወጡ። የቅድሚያ ድምፅ አሰጣጡ ከክርክሩ በፊት ተጠናቆ ነበር።

ተመልካች ሲፈርድ መድረኩ እኩል እንዳልሆነም ማወቅ አለበት። ማን እንደሚገባ የሚወሰነው በሕዝብ አስተያየት መለኪያና በለጋሾች ብዛት ነው። ለ2019ኙ የመጀመሪያ ክርክር 65 ሺህ ለጋሽ ወይም በሦስት መለኪያዎች 1 በመቶ ይበቃ ነበር፤ 20 ሰው በሁለት ሌሊት ቀረበ። ቀዳሚው መሐል ይቆማል፣ ጥያቄም ይበዛለታል። ዳር የቆመው ሰው እድሉን እስኪያገኝ እጁን እያወጣ ይጠብቃል። ስለዚህ «እገሌ ደካማ ነበር» ከማለት በፊት ስንት ደቂቃ እንደተሰጠው ማየት ተገቢ ነው። በ2015 ክሊቭላንድ ላይ 10 ሰዎች የቀረቡበትን ክርክር 24 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል፤ አብዛኛው ዓይን መሐል የቆሙት ዶናልድ ትራምፕ ላይ ነበር። በ2023 በጀመሩት የፓርቲው ክርክሮች ግን ትራምፕ አንዱም ላይ ሳይገኙ በ2024 ዕጩነቱን ወሰዱ።

ዋሽንግተን ላይ ክርክሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲጀምር፣ አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ጠዋት ስልኩን የሚከፍት ሰው ሙሉውን ክርክር አያይም፤ የሚደርሰው ያቺ የ30 ሴኮንድ ቁራጭ ናት። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው የኛ ሰው ግን የሚፈርደው በድምፁ ነው። ቨርጂኒያ ያለ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ ከሁለቱ ፕራይመሪዎች በመረጠው አንዱ ድምፅ መስጠት ይችላል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ያለው ዘመዱ ግን ለፕሬዚዳንት ዕጩ ለመምረጥ ቀደም ብሎ በፓርቲው መመዝገብ አለበት።