የቄራ ሽታ በሽታ ያስይዛል?

ቄራ ሰፈር ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ሽታው ተላላፊ በሽታ አያስይዝም። ደምና ፈርስ ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያና ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያሳምማል፤ አስምም ሊቀሰቅስ ይችላል። መጠኑ እንደ ርቀቱ፣ እንደ ነፋሱና እንደ ሰዉ ጤና ይለያያል።

ተላላፊው የሚመጣው በዝንብ፣ በፍሳሽና በውሻ ነው። ለምሳሌ ውሃ የቋጠረ የበግ ሳንባ ውሻ ቢበላ፣ ውሃው ውስጥ ያለው የትል እጭ አንጀቱ ውስጥ ያድግና ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ከበላ፣ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ የውሃ ከረጢት ሊፈጠርበት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሳንባ ይቃጠላል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ይቀበራል። በበዓል ሰሞን ሐኪም ሳያየው በየግቢው የሚታረደው፣ በዚህ በኩል፣ ከቄራው ይልቅ ያሳስባል።