ውሃ ጥም ምንድን ነው?

«ውሃ ጠማኝ» ስንል አድራጊው ሌላ፣ ተደራጊው እኛ ነን። አነጋገሩ ልክ ነው፤ ጥሙን የሚቀሰቅሱት አንጎል ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው፣ እኛ የምንሰማው እነሱ ለክተው ከጨረሱ በኋላ ነው። በዋናነት የሚለኩትም የጉሮሮን ድርቀት ሳይሆን የደምን ጨዋማነት ነው። አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች ምራቅ ቀንሰው አፍ ያደርቃሉ፤ ሰውነት ውስጥ ግን ውሃ ላይጎድል ይችላል። አፍ መድረቅና ውሃ መጠማት ለየብቻ የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

በጤነኛ ሰው የደም ፈሳሽ ውስጥ በአንድ ኪሎግራም ውሃ ከ275 እስከ 295 ሚሊኦስሞል (የሟሟ ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) የሚሆን የሟሟ ነገር አለ፤ አብዛኛው ሶዲየምና አብረውት የሚሄዱት ክሎራይድና ባይካርቦኔት ናቸው። ይህ መጠን ከ1 እስከ 2 በመቶ ከፍ ካለ ጥም ይነሳል። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ለውጥ የሚይዝ መለኪያ በሰውነት ውስጥ ብዙ የለም።

መለኪያው የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። አብዛኛው አንጎል ከደም ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ የደም ሥሮቹ ግድግዳ የሚያልፈውን እየመረጠ ያሳልፋል። ሰብፎርኒካል ኦርጋንና ኦቪኤልቲ የሚባሉት ሁለት ትናንሽ ቦታዎች ግን ይህ አጥር የላቸውም። ስለዚህ እዚያ ያሉት ሕዋሳት ደሙን እንዳለ ይቀምሱታል።

አንዷን ሕዋስ ቀረብ ብለን እንያት። በዙሪያዋ ያለው ፈሳሽ ጨው ሲበዛበት ውሃ ከውስጧ እየወጣ ትኮማተራለች። መኮማተሯ ሽፋኗ ላይ ያሉ ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ አዎንታዊ ሙላት ያላቸው አዮኖች በዚያ ይገባሉ፣ የሕዋሷም ኤሌክትሪካዊ ምት ይፈጥናል። ወሳኙ ነገር እንግዲህ መኮማተሩ ነው። ከፕሮቲን መፍረስ የሚገኘው ቆሻሻ፣ ዩሪያ፣ በደም ውስጥ ቢጨምር ይህን ያህል የማያስጠማውም ለዚህ ነው፤ የሕዋስን ሽፋን ስለሚያልፍ ውሃውን ጎትቶ አያወጣም።

ከዚህ በኋላ መልእክቱ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው ወደ ኩላሊት ነው፦ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል የሚሠራው ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ከፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል ወደ ደም ይለቀቃል፣ ኩላሊትም ውሃውን መልሶ ይይዛል፤ ሽንት ይጠቁራል። ሁለተኛው ራሱ ጥሙ ነው። ኩላሊት ያለውን ውሃ ይቆጥባል እንጂ የጎደለውን ሊተካ አይችልም፤ የሚተካው መጠጣት ብቻ ነው።

ሌላም ቀስቃሽ አለ። በደም መፍሰስ ወይም በተቅማጥ የደም መጠን ወደ 10 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ይለቃል፤ በሬኒን ሥራ የሚገኘው አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለ ሆርሞን ደግሞ ሰብፎርኒካል ኦርጋን ደርሶ ያንኑ የጥም ነርቭ ይቀሰቅሳል። የደሙ ጨዋማነት ባይለወጥም ሰውየው ይጠማል።

በሕዋሳቱ መካከል ያለውን ንግግር የሚያካሂዱት ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። ግሉታሜት የሚለቁት «ጠጣ» ይላሉ፣ ጋባ የሚለቁት «ይብቃ»። በ2015 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች የአይጦችን ሰብፎርኒካል ኦርጋን በብርሃን ቀሰቀሱ። የመጀመሪያዎቹ ሕዋሳት ሲነቁ ጠጥታ የረካች አይጥ ወዲያው ወደ ውሃው ሄደች፤ ሁለተኛዎቹ ሲነቁ የተጠማችው መጠጣቷን አቆመች።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ጥም የሚቆረጥበት መንገድ ነው። የጠጣነው ውሃ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ ጨዋማነቱን ለማስተካከል አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳል። የጥም ሕዋሳት ግን መጠጣት በተጀመረ በአንድ ደቂቃ ገደማ ዝም ይላሉ። ከአፍና ከጉሮሮ የሚመጣው መልእክት ስንት እንደተዋጠ አስቀድሞ ይነግራቸዋል፤ ቅዝቃዜም ያግዛል። ቀጥሎ አንጀት የገባውን ይመረምራል። ጨዋማ ውሃ ከሆነ ዝም ያሉት ሕዋሳት እንደገና ይነሳሉ።

ሥርዓቱ የሚሳሳትባቸው ጊዜያት አሉ። በተቅማጥ ውሃና ጨው አብረው ይወጣሉ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ደሙ ይቀጥናል፤ የጎደለው ሳይሞላ ጥሙ ይቆማል፣ ኩላሊትም ውሃውን መልሶ ያስወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የኦአርኤስ (በተቅማጥ ጊዜ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ድብልቅ) ቀመር በአንድ ሊትር ውሃ 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት የያዘው ለዚህ ነው። ግሉኮሱ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምን ይዞ ይገባል፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ፓኬቱን ከታዘዘው ባነሰ ውሃ መበጥበጥ አደገኛ ነው፦ ድብልቁ ከደም በላይ ጨዋማ ሆኖ ውሃውን ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡንም ያብሳል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። በረጅም ሩጫ ላይ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ድካም ደሙ ቀጥኖም ቢሆን ቫሶፕሬሲን እንዲለቀቅ ያደርጋሉ። ሳይጠማው አብዝቶ የሚጠጣ ሯጭ ትርፉን ውሃ አይሸናውም፤ ሶዲየሙ በሊትር ከ135 ሚሊሞል በታች ይወርዳል፣ በጣም ሲወርድም አንጎል ያብጣል። ራስ ምታት፣ ማስታወክና መደናገር ከታዩበት ተጨማሪ ውሃ አይሰጠውም፤ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ የጥሙ ስሜት ራሱ ይደክማል። ደማቸው እየጨወየም «አልጠማኝም» ይላሉ፤ ውሸታቸውን አይደለም፣ መልእክቱ አልደረሳቸውም። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ሐኪም ካልከለከለ በቀር ከምግብ ጋርና በየመሃሉ ውሃ አቅርቦ ማጠጣት ያስፈልጋል።