የአከርካሪ ችግር ላለባቸው ታዳጊዎች የሚሰጥ የእንቅስቃሴ ሕክምና

«ጀርባዬን አመመኝ» የሚል የ14 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ቦርሳህ ከብዶህ ነው» ወይም «ስልክ ላይ ስለምታቀረቅር ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ከህመሙ ጋር ስም ያለው የአከርካሪ ችግር አለ። እንዲህ ላሉ ታዳጊዎች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታዘዘው የእንቅስቃሴ ሕክምና ነው። ፊዚዮቴራፒስት እንደ ልጁ ችግር መርጦና መጥኖ የሚሰጠው፣ እያየም የሚቀይረው ስፖርት ማለት ነው።

በዚህ ዕድሜ በብዛት የሚያጋጥሙት ሦስት ችግሮች ናቸው። አንዱ ስኮሊዮሲስ ነው። አከርካሪው ወደ ጎን ይጣመማል፣ አንጓዎቹም አብረው ይዞራሉ። በራጅ ተለክቶ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከ100 ታዳጊዎች 2 ወይም 3 ያህሉ አለባቸው፤ በአብዛኞቹ ላይ መንስኤው አይታወቅም። ትንሹ ጥምዘት በወንድም በሴትም ላይ ይታያል። ትልቁ ግን በሴቶች ልጆች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። ልጅቷ ጉልበቷን ሳታጥፍ ወደ ፊት ስታጎነብስ አንደኛው የጀርባዋ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ መመርመር አለባት።

ሁለተኛው በዴንማርካዊው ሐኪም በሆልገር ሾየርማን ስም የሚጠራው ጉብጠት ነው። የአንጓዎቹ የፊት ክፍል ከኋላው ያነሰ ስለሚያድግ ሽብልቅ ቅርጽ ይይዛሉ። ቢያንስ ሦስት ተከታታይ አንጓዎች እያንዳንዳቸው 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሾሉ ምርመራው ይረጋገጣል። ይህ ጉብጠት «ቀና በል» ስለተባለ አይቃናም። ልጁ ሰነፍ ወይም ግድየለሽ ተደርጎ ለዓመታት መነዝነዙ በጣም ያሳዝናል፤ ጀርባው ቀና የማይለው አጥንቱ ስለማይፈቅድለት ነው።

ሦስተኛው ስፖንዲሎላይሲስ ይባላል። ከአንጓው በስተኋላ ያለ ቀጭን የአጥንት ክፍል በተደጋጋሚ ጫና ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አምስተኛው የወገብ አንጓ ነው። ጂምናስቲክ፣ እግር ኳስ፣ ክብደት ማንሳትና ወገብን ወደ ኋላ ደጋግሞ የሚያጥፍ ስፖርት የሚሠሩ ልጆች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ስንጥቁ በሁለቱም ጎን ከሆነ አንጓው ወደ ፊት ሊንሸራተት ይችላል።

የህመሙ መጠንና በራጅ የሚታየው ነገር ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ትልቅ ጥምዘት ይዞ ምንም የማያመው ልጅ አለ። በትንሽ ጥምዘት ቁጭ ብሎ መማር የሚያቅተውም አለ። ጡንቻዎቹ ምን ያህል ጠንካራ ናቸው? ቶሎ ይደክማሉ? ልጁ እንቅልፍ ይተኛል? ህመሙን ፈርቶ መንቀሳቀስ ትቷል? እነዚህ ሁሉ ህመሙን ያባብሳሉ ወይም ያቀሉታል። እንቅስቃሴም ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው። አጥንቱን ባያቃናም እነዚህን መለወጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። «የጀርባ ስፖርት» ተብሎ ለሁሉም የሚሰጥ አንድ ፕሮግራም የለም። በሆድ ተኝቶ ደረትን ከመሬት ማንሳትን እንውሰድ። ጉብጠት ላለበት ልጅ የላይኛውን ጀርባ ስለሚያጠነክር ብዙ ጊዜ ይታዘዝለታል። ስንጥቅ ላለበት ልጅ ግን ያንኑ የተጎዳ ቦታ ይጫነዋል። ቲክቶክ ላይ ያዩትን መቅዳት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስንጥቅ ያለበት ልጅ መጀመሪያ የሚያመውን ስፖርት ያቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰኑ ወራት። ከዚያ ሥራው ከውስጥ ይጀምራል። ጥልቁን የሆድ ጡንቻና በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉትን ትንንሽ ጡንቻዎች ቀስ አድርጎ ማሠራት ነው። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ወገብን ሳያወዛውዙ ቀኝ እጅና ግራ እግርን መዘርጋት፣ ከዚያ መቀያየር አንዱ ነው። የጎን ፕላንክ፣ ማለትም በጎን ተኝቶ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ሌላው ነው። የቋንጃ ጡንቻ በእነዚህ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚከር ማሳሳብም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዲህ ዓይነት ማረጋጊያ እንቅስቃሴ ለ10 ሳምንት የሠሩ ሕመምተኞች ህመማቸው እንደቀነሰ፣ ለውጡም ከ30 ወር በኋላ እንዳልጠፋ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ታዳጊዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም ለልጆች በሚሰጠው ሕክምና ውስጥ አለ።

ጉብጠት ያለበት ልጅ ደግሞ የደረቱንና የቋንጃውን ጡንቻ ያሳስባል፣ የትከሻና የላይኛው ጀርባ ጡንቻዎቹን ያጠነክራል።

በስኮሊዮሲስ በኩል ታሪኩ ረጅም ነው። ካታሪና ሽሮት እ.ኤ.አ. በ1894 በጀርመን ድሬስደን ተወለደች። እሷም ስኮሊዮሲስ ነበረባትና ብረት ያለበት ድጋፍ ለብሳ አድጋለች። የጎደጎደ ኳስ አየር ሲሞላ ሲነፋ አይታ፣ የገባውን የጎድን አጥንቷን ጎን በትንፋሽ ለመሙላት ሞከረች። በመስተዋት ፊት አቋሟን እያየች ታስተካክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ማይሰን ከተማ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ ከፈተች። በኋላ ከልጇ ጋር ሥራውን በምዕራብ ጀርመን ሶበርንሃይም ቀጠለች። ዛሬ የሽሮት ዘዴ በብዙ አገር ይሠራበታል። ሕክምናው ለእያንዳንዱ ልጅ ጥምዘት ለብቻው ይነደፋል።

ስለ ውጤቱ እውነቱን መናገር ለወላጅ ይጠቅማል። እንቅስቃሴ ብቻውን ጥምዘቱን ያቆማል የሚለው ማስረጃ ገና ደካማ ነው። ለብሬስ፣ ማለትም ጥምዘቱ እንዳይጨምር አካል ላይ ለሚታሰር ጠንካራ ድጋፍ፣ ያለው ማስረጃ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው እድገታቸው እስኪያበቃ ጥምዘታቸው 50 ዲግሪ ሳይደርስ ቀርቷል። በክትትል ብቻ ከቆዩት ግን 48 በመቶው ናቸው። ለህመም ሲሆን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ስኮሊዮሲስና የወገብ ህመም ያለባቸውን ታዳጊዎች ለ8 ሳምንት ተከታትሏል። በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር የሠሩት፣ አንዴ ታይተው እቤት እንዲሠሩ ከተነገራቸው ይልቅ ህመማቸው ቀንሷል። ስለዚህ «ስፖርቱን ሥሪ፣ ጀርባሽ ይቃናል» ብሎ ቃል መግባት ልክ አይደለም። «ህመምሽን ሊያቀልልሽ ይችላል» ማለት ግን ይቻላል።

ከባዱ ነገር መቀጠል ነው። ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል፤ ሰው አይደል? ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት አሥር እንቅስቃሴ ጽፎ አይሰጥም። ሦስት ወይም አራት ይመርጣል፣ ምክንያቱን ለልጁ ራሱ ያስረዳል፣ የውሃ ዋና ወይም ሌላ የሚወደውን ስፖርት ያካትታል። ወላጅ ፖሊስ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይበላሻል። ማግስቱን የሚሰማ ቀላል የጡንቻ መዛል የተለመደ ነው። ሹል ህመም ወይም ወደ እግር የሚወርድ ህመም ግን ለማቆምና ለመጠየቅ ምክንያት ነው። አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ከማድከም በቀር ብዙም አይፈይድም።

ከስፖርት በፊት ሐኪም ማየት የሚገባቸው ምልክቶች አሉ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሌሊት ህመም፣ ትኩሳት፣ ያለምክንያት መክሳት፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል። በተለይ ሌሊት የሚበረታ፣ በህመም ማስታገሻ ቶሎ የሚለቅ ህመም ከአጥንት እጢ ሊመጣ ይችላል። ይህ እጢ ራሱ አከርካሪን ሊያጣምም ይችላል።

የአጥንት እድገት ሲያበቃ የስኮሊዮሲስ ክትትል መልኩን ይቀይራል። ከ30 ዲግሪ በታች የቀረ ጥምዘት ከዚያ በኋላ የሚጨምረው አልፎ አልፎ ነው። ከ50 ዲግሪ ያለፈው ግን በአዋቂነትም በዓመት 1 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ስለሚችል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያየዋል። እስከዚያ የተለመደው የጀርባና የሆድ ማጠንከሪያ ግን በሁለቱም ይቀጥላል።