ከኳርክ-ግሉዎን ፕላዝማ የሚወጣው ፎቶን ምንድን ነው?

ብረት በእሳት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፤ እሳቱ ሲበረታበት ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይሄዳል። ምን ያህል እንደጋለ ለመገመት መንካት አያስፈልግም፤ ብርሃኑን ማየት ይበቃል። ከአቶም ኒውክሊየስ ብዙም በማይበልጥ ስፍራ ውስጥ ለሚነድ እሳትም የፊዚክስ ሰዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ይኸው ነው።

እሳቱ ኳርክ-ግሉዎን ፕላዝማ ይባላል። በወትሮው ኳርክ የተባሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች በፕሮቶንና በኒውትሮን ውስጥ ተቆልፈው ነው የሚኖሩት፤ የሚያስተሳስሯቸው ግሉዎን የተባሉ ሌሎች ቅንጣቶች ናቸው። ሙቀቱ 2 ትሪሊዮን ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን ቁልፉ ይከፈታል። ከቢግ ባንግ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ማይክሮ ሰከንዶች ዓለም በሙሉ እንዲህ ነበር። ይህን ዛሬ ለማየት ከባድ ኒውክሊየሶችን ወደ ብርሃን በተጠጋ ፍጥነት ማላተም ይጠይቃል፤ በአሜሪካው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ሪክ በተባለው ማፋጠኛ ወርቅን ከወርቅ፣ በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ በሰርን ደግሞ እርሳስን ከእርሳስ።

ፕላዝማው ግን ዕድሜ የለውም። የሰከንድን ትሪሊዮንኛ እንደገና ለመቶ ቢሊዮን ብትከፍሉት፣ ዕድሜው የዚያ ቁራጭ ጥቂት እጥፍ ቢሆን ነው። ወዲያው ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ኳርኮቹም ተመልሰው ይታሰራሉ።

ፎቶን፣ የብርሃን ቅንጣት ማለት ነው፣ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። በፕላዝማው ውስጥ ኳርክ ከግሉዎን ሲጋጭ፣ ወይም ኳርክና ፀረ-ኳርክ ተገናኝተው ሲጠፋፉ ፎቶን ሊወጣ ይችላል። ፎቶን ጠንካራው የኒውክሊየስ ኃይል አይነካውም። ስለዚህ ሌላው ቅንጣት ሁሉ እርስ በርሱ ሲላተም እሱ ማንም ሳያስቆመው ውልቅ ይላል፤ የተወለደባትን ቅጽበት ሙቀት እንደያዘ።

ለይቶ መያዙ ነው ፈተናው። መመርመሪያው ላይ ከሚደርሱት ፎቶኖች አብዛኞቹ ፕላዝማው ካለፈ በኋላ የሚወለዱ ናቸው፤ ገለልተኛው ፓይ-ሜሶን (ከኳርክና ከፀረ-ኳርክ የተሠራ፣ ቶሎ የሚፈርስ ቅንጣት) ለሁለት ፎቶን ሲፈርስ። በሪክ የነበረው የፊኒክስ ቡድን ያደረገው እጅግ ብልህ ነገር ነው። ኤሌክትሮንና ፀረ-ቅንጣቱ ፖዚትሮን ጥንድ ሆነው የሚወጡባቸውን ፎቶኖች ፈለገ። ከዚያ ከፓይ-ሜሶኑ የሚከብዱትን ጥንዶች ብቻ መረጠ። ከራሱ ከፓይ-ሜሶኑ የሚከብድ ጥንድ ከእሱ ሊወጣ አይችልምና ግርግሩ በአንዴ ቀለለ! የተረፈው ትርፍ ብርሃን ሲለካ ወደ 2.6 ትሪሊዮን ዲግሪ አመለከተ። ይህ በፕላዝማው ዕድሜ ሁሉ የተደበላለቀ ብርሃን ስለሆነ የመነሻው ሙቀት ከዚያ ይበልጣል፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቡድኑ ወደ 4 ትሪሊዮን ዲግሪ ሴልሲየስ ብሎ አስታወቀ። ከፀሐይ እምብርት 250,000 ጊዜ ያህል የጋለ ማለት ነው።

ለእኔ ከቁጥሩ በላይ የሚያጓጓው ቀጥሎ የመጣው እንቆቅልሽ ነው። ኒውክሊየሶቹ መሐል ለመሐል ሳይሆን ወደ ጎን ሸርተት ብለው ሲላተሙ ፕላዝማው ሞላላ ሆኖ ይወለዳል፤ ሲሰፋም በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ይገፋል። ይህ ግፊት እስኪዳብር ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ግለት የወጡ ፎቶኖች ከሆኑ እንግዲህ ግፊቱ ሊታይባቸው አይገባም ነበር። የፊኒክስ ልኬት ግን ከፓይ-ሜሶኖቹ የማይተናነስ ግፊት አገኘባቸው። ዘግይተው ወጥተዋል እንዳንል ብዛታቸው የጋለ ፕላዝማ ይጠይቃል። ብዛታቸውንና ግፊታቸውን በአንድ ላይ የሚያስታርቅ ስሌት ማግኘት እስካሁን አስቸግሯል። በዚያው በሪክ የሠራው የስታር ቡድን ደግሞ የፎቶኖቹን ብዛት ከፊኒክስ ያነሰ አድርጎ ለክቷል። እኔ ብሆን ንድፈ ሐሳቡን ከማሻሻሌ በፊት የእነዚህን የሁለት ጎረቤታሞች ልዩነት ነበር የምመረምረው።