ስደተኛዋን እየዘመርን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወርኃ ጽጌ ላይ ነን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን ሙሉ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ የሸሸችበትን ጉዞ እናስባለን። ሌሊቱን ማኅሌት እንቆማለን። የፈቃድ ጾም ቢሆንም ብዙዎቻችን እንጾመዋለን።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሰላም ነሳኝ። ስለ ስደተኛዋ እናት ሲዜም አድሬ፣ ጠዋት ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ወደ ቤት ስመለስ፣ በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ልጅ ያዘለች ስደተኛ እናት አገኘሁ። ሱዳናዊት ናት። ሁለት ወር ሙሉ በአጠገቧ ሳልፍ አንድ ቀን ቆሜ እንዴት አደርሽ አላልኳትም። ቋንቋ አንግባባም ብዬ ነው። ለሰላምታ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?

ቤት ገብቼ ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ደግሜ አነበብኩ። መልአኩ ዮሴፍን «ተነሣ፥ ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ» ነው ያለው። ጌታ ሄሮድስን ማጥፋት አቅቶት አይደለም። የሸሸ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በሥጋው ሊያውቀው ወደደ እንጂ። በሌሊት መነሣትን፣ የመንገዱን ጥም፣ በሰው አገር ደጅ መጥናትን። አባቶቻችን ስደቱ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እንደቆየ ያስተምሩናል። ለሕፃን ይህ ትንሽ ጊዜ አይደለም። ሰፈር የሚለምድበት፣ የጨዋታ ጓደኛ የሚይዝበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ግድግዳ የተጋራቻቸው ግብፃዊት ጎረቤት መኖር አለባት። ውኃ ሰጥታቸው ይሆን? ልጇን ከልጃቸው ጋር አጫውታ ይሆን? ወንጌላዊው አይነግረንም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅሌት ላይ ስቆም የማስባት እሷን ነው።

አዲስ አበባ ዛሬ የብዙዎች ግብፅ ሆናለች። ቦሌ ሚካኤል የሶማሌ ወገኖቻችን ሰፈር ከሆነ ቆየ። ጎፋ መብራት ኃይል ከአሥመራ የመጡ ወጣቶች አሉ፤ ብዙዎቹ እዚያው ከእኛ ጋር የሚያስቀድሱ። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ከተነሣ በኋላ ደግሞ ከካርቱም የወጡ ቤተሰቦች መጡ። በመላ አገሪቱ ያሉት ስደተኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 እንዲማሩና እንዲሠሩ መንገድ ከፍቶላቸዋል። ጥሩ አዋጅ ነው። ነይ ቡና ጠጪ የሚል ግን ጎረቤት ነው።

ልጆች ሳለን «ሂድና ከአረብ ቤት ስኳር አምጣ» እንባል ነበር። የሰፈር ሱቅ ያን ስም ያገኘው ድሮ ባለ ሱቆቹ የመናውያን ስለነበሩ ነው። በ2007 የመን ስትታመስ ከዚያ የሸሹ ሰዎች ወደዚህችው ከተማ መጡ። ለእኛ አዲስ ሰዎች አልነበሩም። በየቀኑ በምንጠራው ቃል ውስጥ ቆይተው ነበር።

የአርመኖቹን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ከጭፍጨፋ የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ነሐስ መሣሪያ ሲነፉ አዩ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለነበረው የአገራችን መዝሙር ዜማ ሠራ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ስንቱን ድምፃዊና ሙዚቀኛ አሠለጠነ። ዛሬ እናትና አባቶቻችን በትዝታ የሚሰሙት ዘፈን ውስጥ የስደተኛ እጅ አለበት። ቤተ ክርስቲያናቸውም እስከ ዛሬ በከተማችን መካከል ቆማለች። ያኔ ማን ገመተ? ሲመጡ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ነበሩ።

«ሃይማኖታቸው ከእኛ ይለያል» የሚል አለ። የአብርሃምን ድንኳን እናስታውስ። አብርሃም እንግዳ ካልመጣለት አይበላም ነበር። ሰይጣን መንገደኛውን ሁሉ እያሳሳተ ሲመልስበት ሦስት ቀን ጾሙን ዋለ ይሉናል መምህራኖቻችን። ሦስቱ ሰዎች ሲመጡ ማንን ታመልካላችሁ አላላቸውም። «ጥቂት ውኃ ይምጣላችሁ፥ እግራችሁን ታጠቡ» ነው ያላቸው። ሥላሴን በቤቱ ያስተናገደው እንዲህ ነው። እኛም ዱቄት ይዘን ስንሄድ ዱቄቱን ብቻ ይዘን እንሂድ። በረሃብ ሰዓት የሚደረግ ስብከት ለሰሚው ዕዳ ይመስለዋል።

ቤት የሚያከራዩ ወገኖቼን አንድ ነገር ልለምን። ለአገሩ ልጅ በአንድ ዋጋ የተከራየው ክፍል ለስደተኛ ሲሆን ለምን ይጨምራል? «ከውጭ ይላክላቸዋል» ይባላል። ለሁሉም አይላክም። ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ከእናንተ ጋር የሚኖር እንግዳ እንደ አገር ልጅ ይሁንላችሁ ይላል። በኪራይም ጭምር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሞት ነው። በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ስደተኛ ግን እድር የለውም። እናቱ ካርቱም ሞታ በስልክ የተረዳ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያለቅሳል። ማን አብሮት ይቀመጥ? የእኛም እህቶች ቤይሩትና ሪያድ መርዶ ሲደርሳቸው እንዲሁ ናቸው። እህት ያለው ያውቀዋል። ስለዚህ የእድር ዳኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ጉዳይ አንሡት። መዋጮው ባይሞላላቸውም ለቅሶ እንድረሳቸው። ቢያንስ ድንኳኑና ወንበሩ ይሂድላቸው።

እኔም ባለፈው እሑድ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ዳቦ ይዤ ነበር። አስገባችኝ። ከሰል ላይ የተጣደውን እያሳየችኝ «ጀበና» አለችኝ። እነርሱም ጀበና ነው የሚሉት! ቡናው ዝንጅብል አለበት፤ ጉሮሮ ያሞቃል። አጠገቡ ኪስራ አቀረበች፣ እንደ እንጀራችን ከቦካ የማሽላ ሊጥ የሚጋገር፣ እንደ ወረቀት የሳሳ። የጾም ነው። በላሁ። ሕፃኗ ነጠላዬን ይዛ አልለቅ አለችኝ።

ኅዳር 6 የእመቤታችን የስደቷ መታሰቢያ የሚፈጸምበት በዓል፣ ቁስቋም ናት። ከብሎካችን እናቶች ጋር የዘንድሮውን ዝክር ደረጃው ሥር ልናደርገው ተስማምተናል። ኪስራውን እሷ ትጋግራለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።